ክቡር ኃላፊ፣ የአባቴ መሬት ስንት ዓመት ጾሙን ይደር?

ለከተማችን የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ታጥሮ ስለተቀመጠ የእርሻ መሬት

ክቡር ኃላፊ፣

ማመልከቻዬ መዝገብ ቤታችሁ ገብቷል። ማኅተም ተመትቶበት ቁጥር ተሰጥቶታል። "ለሚመለከተው ተመርቷል" ተብያለሁ። የሚመለከተውን ሰው ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። አንዴ መስክ ነው፣ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ሥልጠና። በመጨረሻ ጸሐፊዎ "ለምን አትደውልም?" አለችኝ። ደወልኩ። አይነሳም። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጻፍልዎ።

በ2012 ዓ.ም. የአባቴ አንድ ሄክታር ተኩል ማሳ ከጎረቤቶቹ ማሳ ጋር "ለኢንዱስትሪ ልማት" ተብሎ ተወሰደ። ጥቁር መሬት ነው፣ ውሃ የሚይዝ። ጤፍ በክረምት ይዘራበታል። ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ ዝናቡ ካበቃ በኋላ በቀረው እርጥበት ብቻ ሽምብራ ይበቅልበታል። የአድአና የበቾ ገበሬ ይህን አፈር አሳምሮ ያውቀዋል። አባቴ ካሳውን ተቀበለ፣ የይዞታ ደብተሩን አስረከበ። መሬቱ በቆርቆሮ ታጠረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ብሎኬት አልተደረደረበትም።

ባለፈው ኅዳር አባቴ ለላሙ ሣር ፍለጋ ወጣ። አጥሩ ውስጥ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ጥበቃውን አስገባኝና ትንሽ ልጨድ አለው። ጥበቃው "አባባ፣ ይሸጣል" አለው። ተከራከሩ፣ ዋጋ ተነጋገሩ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ካረሰው መሬት ላይ የበቀለ ሣር በገንዘቡ ገዝቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ገባ። እየሳቀ ነው የነገረን። እናቴ አልሳቀችም። ጥበቃውን አልወቅሰውም። ደመወዙን አውቀዋለሁ። የሚጠብቀው ሣር ብቻ ከሆነ ሣር ይሸጣል፣ ምን ያድርግ?

ወደ ሕጉ ልምጣ። ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ሥራዎ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬው ከይዞታው ያለመነቀል መብቱ የተከበረ ነው ይላል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚነሳ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ። በአዋጁ መሠረት ካሳው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈላል። እሺ፣ ተከፈለ። ስሌቱ የተሠራው ጤፍ በኩንታል ከ5 ሺህ ብር በታች በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ነው፤ አባቴም እንደ ማንኛችንም ከወፍጮ ቤት ገዝቶ ነው የሚበላው። ይህንንም ልተወው።

የማልተወው ግን ይኸኛውን ነው። ገበሬ መሬቱን ሳያርስ ጾም ካሳደረው የይዞታ መብቱን ሊያጣ እንደሚችል የገጠር መሬት ሕጎቻችን ይናገራሉ። በሬ ሞተብኝ፣ ዘር አጣሁ ማለት ብዙ አያድነውም። የሊዝ አዋጁም፣ ቁጥር 721/2004፣ በጊዜው ግንባታ ያልጀመረ ሰው ውሉ እንዲቋረጥ ይላል። የአባቴን መሬት የወሰደው ባለሀብት ግን "የውጭ ምንዛሪ አጣሁ" ሲል ተራዘመለት። "ብድር እየጠበቅሁ ነው" ሲል እንደገና ተራዘመለት። አንዱ የእናት ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ የሆነው በየትኛው አንቀጽ ነው?

አንድ ባለሙያችሁ "በአንድ ሄክታር ተኩል አገር አይራብም" አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ፣ አልዋሽም። እውነቱን ነው፣ አይራብም። ግን የአገራችን ገበሬ አብዛኛው የሚያርሰው ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዋናነት የሚበላው ከእነዚህ ቁርጥራጭ ማሳዎች የሚመጣውን ነው። ሌላ ትልቅ ጎተራ የለንም። በሄክታር 18 ኩንታል ብንይዝ እንኳ ከአባቴ ማሳ ብቻ በዓመት 27 ኩንታል ጤፍ ይታጣል። የጎረቤቶቹን እርስዎ ይደምሩት፣ ካርታው እናንተ ጋ ነው።

ቢጎድል ከውጭ እንገዛለን የሚልም አለ። ከማን? በ2014 ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የስንዴ ዋጋ ጣሪያ ነካ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሕንድ የስንዴ ኤክስፖርቷን ዘጋች። ማዳበሪያውንም በዶላር ነው የምናስገባው፣ ዶላሩ ደግሞ እንዴት እንደሚገኝ ባለሀብታችሁ ይንገራችሁ። ስንዴስ ተለምኖም ቢሆን ይመጣል። ጤፍ ጭኖ ጅቡቲ የሚደርስ መርከብ ግን የለም። መንግሥት ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ በ1998 የከለከለው ለእኛው እንኳ ስለማይበቃ ነበር። እህሉ እንዳይወጣ ኬላ ላይ ዘብ ቆመ፤ እህሉ የሚበቅልበት አፈር ላይ ደግሞ ሣር እንዳይሰረቅ ዘብ ቆመ።

ደብረ ዘይት ያሉት የግብርና ተመራማሪዎች ቁንጮ የሚባለውን የጤፍ ዝርያ እስኪያወጡ ዓመታት ደክመዋል። ከአንዲት ሄክታር ጥቂት ኩንታል ለመጨመር ነው። እናንተ ሄክታሩን እንዳለ በአንድ ፊርማ ከምርት ታስወጡታላችሁ።

ፋብሪካ ጠል አይደለሁም። እኔም እንጀራዬን የማገኘው ከፋብሪካ ነው። ከከተማው በስተጀርባ ግን ፍየል እንኳ ጠግባ የማትወጣበት ጭንጫ መሬት አለ። ለሼድ ምን ያንሰዋል? "ከአስፋልት ይርቃል" ተባልኩ። ገበሬው ከአስፋልት በመቅረቡ ተቀጣ ማለት ነው።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለባለሀብቱ የጻፋችሁትን የማራዘሚያ ደብዳቤ፣ ምክንያቱ ጭምር ተጽፎ፣ የጽሕፈት ቤታችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት። የጻፋችሁት በሕግ ከሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ ግንባታ እስኪጀመር ድረስ የቀድሞዎቹ ባለይዞታዎች በጊዜያዊ ውል እያረሱ ይጠቀሙበት። ቆፋሪ ማሽን የመጣ ቀን ይወጣሉ፣ ይህንንም በፊርማቸው ያረጋግጣሉ።

መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፣ "ተመርቷል" የሚለውን አልቀበልም። ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ላይ ነው። ይህን ያህል ዘመን ያልታረሰ መሬት ደግሞ አንዴ ታርሶ ዘር አይቀበልም፤ መደጋገም አለበት። ስለዚህ መልስዎ ከግንቦት መጨረሻ ቢያልፍ ለዘንድሮ አይረባንም።

ከሠላምታ ጋር
የልማት ተነሺ ልጅ