ስለ አያትህ ጎራዴ

ይድረስ ለማከብርህ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ መክረሜ አሳፍሮኛልና አስቀድሜ ይቅርታህን እለምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቤተሰብ ወዳጅ የአባቱን ጎራዴ ከሣጥን አውጥቶ ቢያሳየኝ፣ እናንተ ሳሎን ተሰቅሎ የነበረው የአያትህ ጎራዴ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ዓይናችን ከስለቱ አይነቀልም ነበር። አሁን ያየሁት ጎራዴ ብረቱ ግን በምኒልክ ዘመን ከጀርመን አገር፣ ከሶሊንገን ከተማ ከመጡት አንዱ ነው፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሕፈትም በአሲድ ተበልቶ የወጣ ነው። እኔን ያስደነቀኝ እዚሁ በአገራችን እጅ የተሠራው እጀታውና ሰገባው ነው።

እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው። ይህ ቀንድ እንደ በሬ ቀንድ ውስጡ ባዶ ስላልሆነ፣ ሠሪው ከአንድ ጠጣር ቁራጭ ጠርቦ፣ መሐሉን ለጨበጣ አቅጥኖ አውጥቶታል። ሲያዩት ጥቁር ይመስላል፤ ወደ መስኮቱ አዙሬ ስይዘው ግን ዳር ዳሩ እንደ ጠጅ ወርቅማ ሆኖ በራ። በሰገባው ቀይ ከፈይ ላይ የታሰሩት የብር ቀለበቶች ደግሞ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ጥምዝ ሽቦና እንደ ጤፍ በደቀቁ እንክብሎች የተሸለሙ ናቸው። እንክብሎቹን በአንዱ ቀለበት ላይ አርባ ድረስ ቆጥሬ ተውኋቸው። ሲበየዱ እሳቱ ጥቂት ቢያልፍ ሽቦው ራሱ እንደሚቀልጥ አስብ! አንጥረኞቻችን ብሩን የሚያገኙት የማሪያ ቴሬዛን የብር ገንዘብ፣ ጠገራን፣ እያቀለጡ ነበርና፣ አንዱ ጠገራ ደግሞ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ስንቱ ጠገራ እዚያ ሰገባ ላይ እንደዋለ ገምተው። በአንድ ስፍራ ሐረጉ መግጠሚያው ላይ ቦታ አጥሮት ተጨናንቋል፤ ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት እሱን ነው፣ የሰውዬውን እጅ ያየሁ መስሎኝ።

ባለቤቱ የአባቱን ማዕረግም የዘመቱበትንም ይተርካል፤ ጎራዴውን ማን እንደሠራው ግን አያውቅም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብን በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ስናንቋሽሸው ኖረን ስሙን ከየት እናገኘዋለን? ይህ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ስለዚህ አደራ፣ የአያትህን ጎራዴ አውርደህ ከእጀታው ሥርና ከሰገባው ጫፍ የሠሪ ምልክት እንዳለ እይልኝ፤ እማማንም ማን እንደሠራው ሰምተው እንደሆነ ጠይቅልኝ። ብሩን በአሸዋም ሆነ በሎሚ እንዳታስፈትገው። ለእማማ ጉልበት ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የማይረሳህ ወዳጅህ