ቫልቩ ስንት ነው ሳይሆን ምን ያልፍበታል?
የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ዕቃ ይዞ ከረመ፤ ዲያፍራም ቫልቭ፣ ማለትም በቧንቧ የሚያልፈውን ፈሳሽ በጎማ የሚዘጋና የሚከፍት ዕቃ። አንድ ወላጅ ከሚሠሩበት የወተት ማቀነባበሪያ የተጣሉ ቫልቮች አመጡልን። እግዜር ይስጥልን፤ ዓመቱን ያሟሟቁልን እሳቸው ናቸው።

ልጆቹ ቡሎኑን ፈትተው ሲያዩት ውስጡ ያለው አንድ ወፍራም ጎማ ነው። እጀታው ሲዞር ጎማው ወደ ታች ተጭኖ መንገዱን ይዘጋል። ፈሳሹ ከጎማው አልፎ ወደ ላይ ስለማይወጣ በዘንጉ በኩል አያንጠባጥብም። ፒ. ኬ. ሳንደርስ የተባለው መሐንዲስ በ1928 እ.ኤ.አ. ይህን ቫልቭ የፈለሰፈውም በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የሚያፈሱ ቫልቮችን ለመተካት ነበር።

«ታዲያ ሁሉም ጎማ ከሆነ ምኑ ይመረጣል?» አለች አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ። ሥራችን በሙሉ ከዚህ ጥያቄ መጣ።

ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን ግማሹን ውሃ ውስጥ፣ ግማሹን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍን። የውሃው እንደነበረ ነው። የነጭ ጋዙ አብጦና ለስልሶ ወጣ። ልጆቹ እጃቸው ላይ አድርገው ሲያነጻጽሩት ማየት ነበር! ከዚያ በኋላ የጎማ ዓይነቶችን ማስረዳት አልከበደኝም። ኢፒዲኤም የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ሙቅ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ (ቅባት የሚያስለቅቅ ኃይለኛ ማጠቢያ) ይችላል፤ ዘይትና ነዳጅ ግን ያሳብጠዋል። ለዘይት ናይትራይል የሚባለው ጎማ ይሻላል። ለኃይለኛ ኬሚካል ቴፍሎን የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እንደ ጎማ ስለማይለጠጥ ከጀርባው ጎማ ይደረግለታል።

የቫልቩ አካልም እንዲሁ ይታያል። ስቴንለስ ስቲል አይዝግም ተብሎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይለቀቅበትም፤ ይበላዋል። ለዚያ ፕላስቲክ ወይም ውስጡ ጎማ የተለበጠ ብረት ይመረጣል። ቅርጹ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። መሃሉ ላይ እንደ ግድብ ከፍ ያለው ፍሰት ለመመጠን ይመቻል። ወለሉ ልሙጥ የሆነው ጭቃና ዝልግልግ ነገር ያሳልፋል፤ ጎማው ግን ብዙ ስለሚተጣጠፍ ቶሎ ያልቃል።

ከሁሉ የወደድኩት የወተቱን ክርክር ነው። አብዛኞቹ ልጆች «ወተት ምን ይጎዳል፣ ማንኛውም ጎማ ይሆናል» ብለው ነበር። ወተቱ የሚያልፍበት የቧንቧ መስመር ግን በየጊዜው በሙቅ ኮስቲክ ሶዳና በናይትሪክ አሲድ ይታጠባል። ስለዚህ ቫልቩ የሚመረጠው ለወተቱ ብቻ አይደለም፤ ለማጠቢያውም ጭምር ነው። ቅባት የበዛበት ክሬም ከሆነ ደግሞ ኢፒዲኤሙም ያጠራጥራል። በተጨማሪም ባለ ግድቡ ቫልቭ ትንሽ አጋድሎ ካልተገጠመ ውስጡ ወተት ይቀራል፤ የቀረ ወተት ደግሞ ይበላሻል። ይህን ራሳቸው ውሃ እያፈሰሱ አረጋገጡ።

ለሚቀጥለው ዓመት ግፊት የምንለካበት ጌጅ እንፈልጋለን። ወላጆች፣ የተጣለ ቫልቭ ካላችሁ በደንብ አጥባችሁ ከነጎማው ላኩልን። ምን ፈሳሽ ያልፍበት እንደነበርም ወረቀት ላይ ጻፉልን።