«ጨዋ ልጅ» ያልናት ታማ ነበር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ልጄን የወለድኩ ሰሞን አራስ ጥየቃ የመጣው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይለኝ ነበር። እውነትም አታለቅስም። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ለማጥባት እንኳ የእግሯን መዳፍ እየኮረኮርኩ ነበር የምቀሰቅሳት። ታድዬ፣ አልኩ።

ዓይኗ ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ አሙቂያት» ተባልኩ፤ አሞቅኳት። በ45 ቀኗ ለክትባት ስወስዳትም ቢጫነቱ አለቀቃትም። የምትጸዳዳው በአምስት ቀን አንዴ ነው። እትብቷ ሲያብጥ ጎረቤቴ «ሳንቲም እሰሪበት» አለችኝ። ክትባቷን ተወጋች፣ ቀጠሮ ተጻፈልን፣ ተመለስን። የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

የነቃችው የባለቤቴ እህት ናት፤ ነርስ ናት። በ80 ቀኗ ክርስትና ስናስነሳት ውሃው ሲነካት አለቀሰች። «ይሄ ድምፅ ጎርናና ነው እኮ!» አለችና ምላሷን አየች። ትልቅ ነው፤ ከአፏ ወጣ ይላል። በማግስቱ ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አሠራን። ለካ የታይሮይድ ዕጢዋ በቂ ሆርሞን አያመርትም። እኔ ታይሮይድ ሲባል የማውቀው የአያቴን እንቅርት ነው። ሕፃን ይታመምበታል ብዬ በምን ላስብ?

መድኃኒቱ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን ነው፤ በቀን አንዴ። ኪኒኑን በሁለት ማንኪያ መሀል አደቅቅና የታለበ የጡት ወተት ጠብ አድርጌበት አፏ ውስጥ አደርጋለሁ። ጡጦ ውስጥ አይጨመርም፤ ካልጨረሰችው መድኃኒቱም አብሮ ይቀራል። ከአይረን ሽሮፕ ጋርም አይሰጥም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሌሊት ርቧት ጮኸች። ሰፈሩን ቀሰቀሰች። እኔም በደስታ አለቀስኩ።

የሚቆጨኝ የባከነው ጊዜ ነው። አንጎሏ ሆርሞኑን የሚፈልገው ከጅምሩ ነበር፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ መጀመር ነበረበት። ዛሬ 4 ዓመቷ ነው። በእግሯ የሄደችው ዘግይታ ነው፤ ንግግር አሁንም ይከብዳታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ስትወልድ ግን ከሆስፒታል ሳትወጣ የሕፃኑን ተረከዝ ወጋ አድርገው ይህንኑ በሽታ ለመመርመር የደም ጠብታ በወረቀት ወስደዋል። በሽታው ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱት አንዱን ይይዛል ይባላል። እዚህ ስንት እናት ይወልዳል?

ጤና ሚኒስቴር ይህን ምርመራ ለሁሉም ሕፃን ያድርግልን። እስከዚያው ግን በ45 ቀን ክትባት የምትሰጠዋ ባለሙያ እናቲቱን ትጠይቅልኝ፦ ቢጫነቱ ለቀቀው? በስንት ቀን ይጸዳዳል? ሲርበው አልቅሶ ይቀሰቅስሻል ወይስ አንቺ ነሽ የምትቀሰቅሺው?

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ