ቫልቩን መድፈን ጥገና አይደለም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከደብረ ማርቆስ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚመላለሱ የናፍጣ ሚኒባሶች ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጡና ጥቁር ጭስ ሲያወጡ፣ አንዳንድ ጋራዦች ከጭስ ማውጫው ከፊሉን ጋዝ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የሚመልሰውን ቫልቭ፣ ማለትም ኢጂአሩን፣ በላሜራ ደፍነው መስጠታቸው እጅግ ያሳስበኛል።

ተመላሹ ጋዝ የቃጠሎውን ሙቀት ስለሚቀንስ ለሳንባ ጎጂ የሆኑት የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በብዛት እንዳይፈጠሩ ያደርጋል። ቫልቩ ሲደፈን ጥቁሩ ጭስ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን በመናኸሪያው የሚውሉ ረዳቶችና ሱቅ በደረቴዎች የሚተነፍሱት እነዚህ ጋዞች ይጨምራሉ።

የመመርመሪያ መሣሪያው ፒ0401 የተባለውን የብልሽት ኮድ ካሳየ ተመላሹ ጋዝ አነሰ፣ ፒ0402 ካሳየ ደግሞ በዛ ማለት ነው እንጂ፣ ቫልቩ የግድ ይቀየር ማለት አይደለም። ስለዚህ ባለንብረቱን ውድ ዕቃ ከማስገዛት በፊት የኤሌክትሪክ ሶኬቱን መፈተሽ፣ ቫልቩ በአየር ስበት የሚሠራ ከሆነም ቱቦው አለመሰንጠቁን ማየት፣ ከዚያም ቫልቩን ፈቶ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ያደረገውን ጥላሸት በማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ ማስለቀቅ ይገባል። ጋዙ የሚያልፍበት ቱቦና የአየር ማስገቢያው አብረው ካልጸዱ ግን ብልሽቱ ይመለሳል፤ በችኮላ የሚዘለለውም ይኸው ሥራ ነው። ሲገጠም አዲስ ጋስኬት፣ ማለትም በመጋጠሚያው ጋዝ እንዳያፈስ የሚያደርገውን ማሸጊያ፣ ማድረግ፣ የተመዘገበውን ኮድ አጥፍቶም ዳገት ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

የቦሎ ምርመራ የሚያካሂዱ ተቋማት ጭሱን ብቻ ሳይሆን ቫልቩ አለመደፈኑንም እንዲመለከቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ