ባቡሩ ሸዋ ሮቢት ከመድረሱ በፊት የሲግናል አለቃው ይድረስ

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። መስመሩ የሚያልፈው በእኛው ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ስለሆነ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። ግንባታው ከተጀመረ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የሚወራው ስለ ብድሩ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ስለ ፉርጎው ነው። ደግ ነው፤ ያለ እነሱ ባቡር አይሄድም። ግን ማንም ሲጠይቀው ያልሰማሁት አንድ ጥያቄ አለ። ሲግናሉን የሚጠግኑት እነማን ናቸው? እነሱንስ የሚቆጣጠራቸው ማን ነው?

ይህን የምጠይቀው ሥራውን ስለማውቀው ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ጠዋት ሠራተኛውን ከዳር ሰፈር ወደ ከተማ አስገብቶ ማታ በሚመልስ የባቡር መስመር ላይ፣ የሲግናል ጥገና ቡድን አለቃ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። መስመሩ ሥራ ሲጀምር ሊመጣ የሚችለው አደጋ ቁልጭ ብሎ ስለሚታየኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሲግናል ሲባል ሰው የሚታየው አረንጓዴና ቀይ መብራት ነው። ዋናው ነገር ያለው ግን ከመብራቱ ኋላ ነው። በብዙ መስመር ላይ ሀዲዱ ራሱ እንደ ሽቦ ያገለግላል። ትንሽ ኤሌክትሪክ በሁለቱ ሀዲዶች ይሄድና ጫፉ ላይ ያለውን ሬሌ፣ ማለት በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስቦ ያቆየዋል። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማውና ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት (አክሰሉ) ሁለቱን ሀዲዶች ያገናኛቸዋል፣ ኤሌክትሪኩ በዚያው አቋርጦ ይመለሳል፣ ሬሌው ይለቃል፣ ከባቡሩ ኋላ ያለው መብራት ቀይ ይሆናል። ሽቦ ቢበጠስም፣ ኃይል ቢጠፋም ውጤቱ ያው ቀይ ነው። ዕቃው ሲበላሽ ባቡሩን እንዲያቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ይህን ጥበቃ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የሰው እጅ ነው። ያለ ቦታው የታሰረ አንድ ሽቦ፣ ለሙከራ ተደርጎ ሳይነሳ የቀረ አንድ ማገናኛ፣ ባቡር ቆሞ እያለ ከኋላው አረንጓዴ ሊያበራ ይችላል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ደግሞ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን አይቶ ልቁም ቢል አይደርስም። ጣርማ በርን በጉም እንደሚወርድ ሾፌር፣ የሚያምነው የተነገረውን እንጂ የሚያየውን አይደለም።

ክላፋም ጀንክሽን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1988 ጠዋት፣ ሰው ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት። አንድ ባቡር ቆሞ ነበር። ከኋላው የመጣው መንገዱ ክፍት ነው ተብሎ ስለተነገረው ሄዶ ገባበት። 35 ሰው ሞተ፣ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ተጎዳ። ምርመራውን የመሩት አንቶኒ ሂደን ነበሩ። የተገኘው አንድ አሮጌ ሽቦ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ ሽቦ ሲዘረጋ አሮጌው በአንድ ጫፉ ብቻ ተፈታ። አልተቆረጠም፣ ጫፉ አልተሸፈነም፣ ዝም ብሎ ወደ ጎን ተገፋ። አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበረው ቀን ሽቦውና ሬሌው ባሉበት ክፍል ውስጥ ሌላ ሥራ ሲሠራ ተነካካና ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። ኤሌክትሪክ ሰጠ። ሬሌው ባቡር እያለ ባቡር የለም አለ።

ሽቦውን የተወው ቴክኒሻን በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ነበረበት፣ ግን አልተቆጠሩም። አለቃው ደግሞ ሽቦው በተፈታበት ቀን ውጭ ሀዲዱ ላይ ከሌሎች ጋር ራሱ እየሠራ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ አገር በጣም ያሳስበኛል። በእኛ ዘንድ ጥሩ አለቃ የሚባለው እጅጌውን ሰብስቦ ከሠራተኛው ጋር የሚገባው ነው። ሰው ይወደዋል፣ ያከብረዋል። ቤት ስንሠራ እኔም እወደዋለሁ። በሲግናል ሥራ ላይ ግን አለቃው ፒንሳ ከያዘ የሚያይ ሰው ጠፋ ማለት ነው። የእሱ ሥራ ማየት ነው፦ የሽቦው ሥዕል ላይ ያለውና የሲግናሉ ሳጥን ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን፣ የተፈታው መቆረጡን፣ የተሠራው በሌላ ሰው መሞከሩን። የሠራው ሰው የራሱን ሥራ ራሱ ሞክሮ መፈረም የለበትም። ሰው የራሱን ስህተት አያይም፣ ጎበዝም ቢሆን።

ጥገናው በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፣ ከመጨረሻው ባቡር እስከ መጀመሪያው ባለችው ጥቂት ሰዓት። ማንም መሣሪያ ከመንካቱ በፊት አለቃው ሁሉንም ሰብስቦ ይናገራል። የትኛው ሀዲድ ተዘግቷል፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ከትራፊክ ተቆጣጣሪው ጋር በራዲዮ የሚነጋገረው ማን ነው፣ ባቡር ቢመጣ የምንሸሸው ወዴት ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በራሱ አፍ መልሶ ይናገረዋል። ባቡር መምጣቱን እያየ ጠባቂ ሆኖ የሚቆመው ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠውም፣ ቁልፍ አቀብለኝ እንኳ አይባልም። በአሜሪካ ደንብ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 15 ሰከንድ በፊት ሁሉም ደህና ቦታ ላይ መሆን አለበት። ደግሞ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረው ጭምር፣ ጥበቃው በቂ አይደለም ብሎ ካመነ አልገባም ማለት ይችላል፤ አለቃውም ጉዳዩ እስኪፈታ ሊያስገድደው አይችልም።

እዚህ ላይ ይሉኝታችን ይመጣል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጋሼ ብሎ ለሚጠራው ሰው «ይቺን አልሞከሯትም» ብሎ ይናገራል? አይናገርም። ነውር ይመስለዋል። «ግዴለም አንተ፣ ስንት ዓመት የሠራሁት ነው» ከተባለ ደግሞ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ አለቃው ራሱ መጠየቅ አለበት። በየሌሊቱ ከሁሉም ታናሽ የሆነውን «አንተ ምን ቀረ ትላለህ?» ማለት አለበት፣ መልሱንም እየሰማ ማመስገን አለበት። ይህ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጥ አይደለም፣ ከጥሩ አለቃ ጋር በመሥራት ነው የሚለመደው።

ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ይጮሃል። ጨረሳችሁ? ባቡሩ ሊነሳ ነው። በሠራሁበት ቦታ አንድ ሌሊት አንድ ኃላፊ ሙከራው ሳያልቅ ሀዲዱን ልቀቅ ብሎኝ ነበር። አልለቀቅኩም። የመጀመሪያው ባቡር ዘገየ፣ እኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል፤ የተቀጣሁት ሥራዬን ስለሠራሁ ነው። አለቃው አልለቅም ያለ ጊዜ የሚጠብቀው ሕግ ከሌለ ሌላ ቀን ይለቃል። ቤተሰብ አለው።

ሙከራ ሲባል ደግሞ መብራቱ በራ አልበራ ብሎ ማየት አይደለም። ዋሽንግተን ሜትሮ በሚባለው የአሜሪካ ዋና ከተማ ባቡር ላይ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2009 ማምሻውን፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ አንድ ባቡር የቆመ ባቡር ገጭቶ 9 ሰው ሞተ። ባቡር መኖሩን የሚያሳየው ሰርኪዩት የቆመውን ባቡር አላየውም። ከአምስት ቀን በፊት፣ ጁን 17፣ የጥገና ቡድን እዚያው ቦታ ላይ ዕቃ ቀይሮ ነበር፣ ሰርኪዩቱም ከዚያ ጀምሮ በትክክል አይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሳሳይ ችግር ታይቶ እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚያገኝ የሙከራ ዘዴ ተዘጋጅቶ ነበር። ሥራ ላይ አልዋለም። የሙከራውን ወረቀት ማዘጋጀት አንድ ነገር ነው፣ ሌሊት ላይ ቆሞ መፈጸሙን የሚያይ አለቃ ሌላ ነገር ነው።

ስለ እረፍት እዚህ አገር ማንሳት ይከብዳል፣ ግን ላንሳው። አሜሪካ ውስጥ የሲግናል ሠራተኛ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት በሕግ ክልክል ነው፣ ቀጥሎም ቢያንስ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። እኛ ጋ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ ኑሮውን የሚደጉመው አበልና ኦቨርታይም ከሆነ ሠራተኛው ራሱ «አላርፍም፣ ጨምሩልኝ» ይላል። አልፈርድበትም፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ። ስለዚህ እረፍቱን ለሠራተኛው ፈቃድ መተው አይቻልም፣ ደመወዙም ያለ ኦቨርታይም የሚያኖር መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። የእኛ መስመር ነጠላ ነው። ከአዋሽ የሚመጣውና ከኮምቦልቻ የሚወርደው የሚሄዱት በአንድ ሀዲድ ላይ ነው፣ የሚተላለፉትም ጣቢያ ላይ ነው። ሲግናሉ ከተሳሳተ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ባቡር ሲሳሳት ምን ያህል ሰው እንደሚያልቅ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ ባቡሩ ኩርባ ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ያኛው የሲግናል ጉዳይ አልነበረም፣ ግን የሞተው ሞቷል።

ቆላችንም ለዕቃው አይመችም። ሙቀቱ ሳጥን ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ ያደክማል። ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይና ደለል ይዞ ይመጣና ሀዲድ መቀያየሪያው ውስጥ ይገባል። አይጥ ኬብል ይበላል። መዳብ ደግሞ የሚሸጥ ነገር ነው፣ የሚቆርጠው አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ምክንያት መብራቱ ቶሎ ቶሎ ቀይ እየሆነ ይቆማል። ሰው ይህን የመዘግየት ችግር ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። መብራቱ በየቀኑ ያለ ምክንያት ቀይ ከሆነ በራዲዮ «እለፍ» ማለት ይለመዳል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ መሣሪያ የለም ማለት ነው፣ ያለው የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው። ሹፌሩም ቀዩን መናቅ ይጀምራል። አንድ ቀን ቀዩ እውነተኛ ይሆናል።

መፍትሔው ሰው ማዘጋጀት ነው፣ ጊዜውም አሁን ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በዞኑ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ፣ ኤሌክትሪክ ተምረው ሥራ ያጡ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሠርቷል። የጅቡቲው መስመር አመራርም እ.ኤ.አ. በ2024 ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። እዚያ ሌሊት ሀዲድ ላይ የዋሉ ኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች አሉ። የእኛን ልጆች ከእነሱ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ቴክኒሻን በአንድ ዓመት ሊሠለጥን ይችል ይሆናል፣ አለቃ ግን አይሠለጥንም። ክረምቱን አይቶ፣ በጋውን አይቶ፣ የትኛው ሳጥን ሲሞቅ ምን እንደሚያደርግ አውቆ ነው አለቃ የሚሆነው። ባቡሩ ሊጀምር ሲል ማስታወቂያ ወጥቶ ዲግሪ ያለው ሁሉ አለቃ ተብሎ ከተቀጠረ የሚማረው በተሳፋሪው ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጋዜጠኞቻችሁ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽንን ኃላፊዎች በሚቀጥለው ጊዜ ሲያነጋግሩ፣ መቼ ይጀምራል ከሚለው ጥያቄ ጋር እነዚህንም ጠይቁልን። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ላለው ሲግናል ሌሊት ኃላፊ የሚሆነው ሰው ዛሬ የት እየሠለጠነ ነው? የተጠገነውን ከጠጋኙ ሌላ ማን ይሞክራል? በአንድ ፈረቃ ስንት ሰዓት ይሠራሉ? አለቃው ባቡሩን አልለቅም ቢል ማስጠንቀቂያ እንደማይጻፍበት በየትኛው ደንብ ተጽፏል? መልሱን በስማቸው አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣
ከሸዋ ሮቢት