«ፎስ» ተብሎ የሚጻፍ ማዘዣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የደም ፎስፌት ምርመራ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የፎስፈረስ ማዕድን መጠን የሚለካው፣ ለኩላሊት ሕሙማን ተደጋግሞ የሚታዘዝ፣ አሠራሩም ቀላል የሆነ ምርመራ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው ገንዘብ መክፈያው መስኮት ላይ ነው፤ አለዚያም የክፍያ ጥያቄው ከጤና መድን ተመላሽ ሲሆን።

ሐኪሙ በጥድፊያ «ፎስ» ብሎ ይጽፋል። ሂሳብ ሠራተኛዋ ይህንኑ ኮምፒውተር ላይ ስትፈልግ ፎስፌትና አልካላይን ፎስፋቴዝ ጎን ለጎን ይመጡላታል። ሁለተኛው ከጉበትና ከአጥንት ጋር የሚያያዝ ኢንዛይም ነው፤ ስሙ ቢመሳሰልም የፎስፌትን መጠን አያሳይም። እሱን ከመረጠች ታካሚው ላልታዘዘለት ይከፍላል፤ ላቦራቶሪውም ደረሰኙን አይቶ ያንኑ ይሠራል፤ ሐኪሙ የፈለገው ቁጥር ግን አይመጣም። አሜሪካኖች ሁለቱን በሂሳብ ኮድ ለይተዋቸዋል፦ ፎስፌት 84100፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 84075። የእነሱን ኮድ እንውሰድ አልልም። የየተቋሙ የዋጋ ዝርዝር ለእያንዳንዱ ምርመራ የራሱን መለያ ቁጥር ይስጥ፤ ማዘዣውም ደረሰኙም ላይ «የደም ፎስፌት» ተብሎ ሙሉ ስሙ ይጻፍ።

«ኬሚስትሪ» ብሎ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ደረሰኝም እንዲሁ ያሳስታል። ዩሪያና ክሬያቲኒን ብቻ ያለበት የኩላሊት ምርመራ ፎስፌትን አይጨምርም። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ የሚለካበት ኤሌክትሮላይትም አይጨምርም። ፎስፌት በጥቅሉ ውስጥ ካለ ሁለተኛ ሊከፈልበት አይገባም፤ ከሌለ ለብቻው ይመዝገብ።

ለመድን በሚቀርብ ሰነድ ላይ የምርመራው ምክንያት ወሳኝ ነው። «ቼክ አፕ» ብሎ መላክ ውድቅ አድርጉልኝ እንደማለት ነው። «የቆየ የኩላሊት በሽታ፣ ደረጃ 4» ተብሎ ከተጻፈ ግን በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ ኤን 18.4 የሚል ግልጽ ቦታ አለው። ውጤቱ ሳይታወቅ «የፎስፈረስ መዛባት»፣ ማለትም ኢ 83.3 ብሎ መሙላት ስህተት ነው፤ ገና የሚፈለገው ነገር እንደተገኘ ተቆጠረ ማለት ነውና። ስለ ድግግሞሹም፣ ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ለደረጃ 3 ከ6 እስከ 12 ወር፣ ለደረጃ 4 ከ3 እስከ 6 ወር፣ ለደረጃ 5 እና ለዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ታካሚ ከ1 እስከ 3 ወር ይላል። ስለዚህ የዲያሊሲስ ታካሚን «ባለፈው ወር ተሠርቶልሃል» ብሎ መመለስ አግባብ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የድጋሚ ምርመራ ክፍያ ነው። የድሬዳዋን ሙቀት እናውቀዋለን። ከሳቢያን ሰፈር ክሊኒክ ተቀድቶ፣ ሲረሙ (ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ) ሳይለይ፣ በባጃጅ ወደ ከዚራ ሰፈር የሚላክን ደም አስቡት። ደሙ ሳይለይ በቆየ ቁጥር፣ በተለይ በሙቀት፣ ከቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ፎስፌት ወደ ሲረሙ ይወጣል። ሴሎቹ ከፈረሱማ ሲረሙ ራሱ ቀልቶ ይታያል። የአዋቂ ሰው ትክክለኛ መጠን በዴሲሊትር ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም ነው፤ 6 የሚል ውጤት ከደም መያዣው ቲዩብ አያያዝ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ታካሚውም የማያስፈልገው መድኃኒት ሊታዘዝለት ነው። ደሙ በቀይ ክዳን ቲዩብ ተቀድቶ፣ ሲረጋ በሴንትሪፊውጅ (ደሙን አሽከርክሮ በሚለይ ማሽን) ተለይቶ፣ ይህ ሁሉ በ1 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ሩቅ የሚላክ ከሆነ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ተለይቶ፣ ሲረሙ በበረዶ ሣጥን ይሂድ። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጡ ያለው ኬሚካል ልኬቱን ስለሚያዛባ ለዚህ ምርመራ አይሆንም።

ናሙናው በአያያዝ ከተበላሸ ጥፋቱ የታካሚው አይደለም። ላቦራቶሪው መዝገቡ ላይ «ሄሞላይዝ ሆኗል» (ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰዋል) ብሎ ይጻፍ፤ ድጋሚው በመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥር ይሠራ፤ ለመድንም ሁለት ምርመራ ተደርጎ አይላክ። ታካሚዎችም ከመስኮቱ ከመራቃችሁ በፊት ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ስም ከማዘዣው ጋር አስተያዩት።

ከላቦራቶሪ ባለሙያ
ድሬዳዋ