የተወገደው ዕቃ ስሙ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍላችሁ።

ጊዜው ያለፈበት የታሸገ ምግብ ተያዘ፣ ተወገደ የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን፣ ይሄን ያህል ብር የሚገመት ይባላል፣ ክምሩ ሲቃጠል በፎቶ ይታያል፣ በቃ አለቀ። የማን ምርት ነው? ባች ቁጥሩ፣ ማለት አንድ ላይ ለተመረተው ዕቃ የሚሰጠው መለያ፣ ስንት ነው? ማን አስመጣው? እሱ አይነገርም። እስኪያዝ ድረስ እኮ ስንቱ ተሽጦ በየጓዳችን ገብቷል፣ ታዲያ እኔ ቤት ያለው ጣሳ ከዛው ካርቶን የወጣ ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?

በቀደም ጎረቤቴ ሰው ታሞባት ለጥየቃ ብላ የገዛችውን የአናናስ ጣሳ አሳየችኝ። ቂጡ አብጧል፣ በጣት ስጫነው ጧ ብሎ ይገባና ይመለሳል፣ ጠርዙ ዝጓል። የሚያልፍበት ቀን 2024 ይላል። እሷ ደግሞ "ገና ስድስት ዓመት አለው እኮ" አለችኝ፣ ዘንድሮ 2018 ነው ብላ! ጣሳ ላይ የተመታው የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለስንት እናት ማን ነገራት? ሻጩስ ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ጣሳ የሚያብጠው ውስጡ ጋዝ ሲፈጠር ነው፣ ወይ ፍሬው ፈልቶ ነው ወይ አሲዱ ብረቱን በልቶት። ፍራፍሬ ኮምጣጣ ስለሆነ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣው መርዝ እንደ ሥጋና አትክልት ጣሳ ቶሎ አይፈጠርበትም፣ ግን በዓይን አይለይም፣ ያበጠ ጣሳ ቀምሶ ማየት የለም፣ መጣል ነው።

ሕጉ አለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጊዜው ያለፈበት ምግብ መሸጥ ይከለክላል፣ ተቆጣጣሪውም መያዝ ይችላል። አሜሪካኖች በ1906 በነሱ አቆጣጠር ባወጡት የምግብ ሕግ ክሱ በራሱ በዕቃው ላይ ነበር የሚከፈተው፣ "መንግሥትና ይሄን ያህል ካርቶን ቲማቲም" ተብሎ፣ ሲፈረድም ዕቃው ምን እንደሆነና ማን እንደላከው ታትሞ ሕዝብ ያነበው ነበር። እኛ ጋ ይሄ ምን ይከብዳል?

ስለዚህ እናንተም ዜናውን ስትሠሩ ከብሩ መጠን በፊት የምርቱን ስም፣ ባች ቁጥሩንና ቀኑን ጠይቁልን፣ ቀኑን በኛ አቆጣጠርም ጻፉት። ያበጠ ጣሳ ያየ ሰው ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ይደውል፣ ይሄንንም ቁጥር ከዜናው ሥር አድርጉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ